ብሪያንሶን፦ የመሸበት እንግዳና የተራራ ላይ ድንበር

በፈረንሳይና በጣልያን ወሰን፣ ሞንዥነቭር በተባለችው መንደር ዙሪያ የተዘረጋው የበረዶ ሸርተቴ ሜዳ ድንበር አያውቅም። የዕለቱን ቲኬት የቆረጠ ጎብኚ ጠዋት ፈረንሳይ ውስጥ የሸርተቴ ጫማውን አስሮ ይነሣል፤ ምሳውን ክላቪዬሬ በምትባለው የጣልያን መንደር ይበላል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ሆቴሉ ይመለሳል። ፓስፖርት አሳይ የሚለው የለም። ከመሸ በኋላ ግን በዚያው ተዳፋትና በዙሪያው ባለው ደን ውስጥ ሌሎች ሰዎች ይጓዛሉ። መብራት አያበሩም፤ ድምፅ አያሰሙም፤ ከመካከላቸው በረዶ ሲረግጥ የመጀመሪያው የሆነው ብዙ ነው። የሚፈልጓቸውም ሁለት ወገኖች ናቸው፦ አንዱ ይዞ ወደ ጣልያን የሚመልሳቸው የድንበር ፖሊስ፣ ሌላው ትኩስ ሻይ በፔርሙዝ ይዞ የሚወጣው የአካባቢው ነዋሪ።

የዚህ ነዋሪ ከተማ ብሪያንሶን ትባላለች። ከሞንዥነቭር 12 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ሲወረድ፣ በዱራንስ ወንዝ ሸለቆ አናት ላይ ትገኛለች። ከባሕር ወለል በላይ 1,326 ሜትር ላይ በመቀመጧ በፈረንሳይ ከከተሞች ሁሉ ከፍተኛዋ ናት። ይህ ከፍታ በኢትዮጵያ ቢሆን ቆላ ይባል ነበር፤ በአልፕስ ግን የብርዱ ወራት ረጅም ነው፣ በረዶውም ቤት ይቀብራል። የነዋሪዋ ቁጥር 11 ሺህ ገደማ ነው። ይህች ትንሽ ከተማ ከ2016 ጀምሮ፣ እንደ አውሮጳውያን የዘመን አቆጣጠር፣ በአውሮጳ ትልቁን የፖለቲካ ክርክር በገዛ ደጃፏ እያስተናገደች ትገኛለች። ክርክሩ በብራስልስም በፓሪስም አንድ ነው፤ ብሪያንሶን ውስጥ የሚለየው በሌሊት በር ሲንኳኳ መልስ የሚፈልግ መሆኑ ነው።

መንገዱ ወደ ሰሜን የዞረበት ምክንያት

ጉዳዩ የጀመረው በከተማይቱ አልነበረም። ፈረንሳይ በኖቬምበር 2015፣ ፓሪስ የደረሰው የሽብር ጥቃት ባስደነገጣት ወር፣ በሸንገን ስምምነት መሠረት ቀርቶ የነበረውን የውስጥ ድንበር ፍተሻ መልሳ ጀመረች። ጊዜያዊ የተባለው ፍተሻ ከዚያ ወዲህ በየስድስት ወሩ እየታደሰ ቀጥሏል። የመጀመሪያው ጫና ያረፈው በባሕሩ ዳርቻ፣ በቬንቲሚሊያ ላይ ነበር። በ2015 እና በ2016 በቬንቲሚሊያ ድልድይ ሥርና ባቡር ጣቢያ ከሰፈሩት መካከል ከአፍሪቃ ቀንድና ከሱዳን የመጡ ወጣቶች በርካታ ነበሩ። ሊቢያን፣ ሜዲትራንያንንና ላምፔዱዛን አልፈው የመጡ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን የዚያን ድልድይ ስም ዛሬም አይረሱትም።

ባቡሩ ሲፈተሽ መንገደኛው ወደ ሮያ ሸለቆ ወጣ። የሮያ መንገድ ሲጠበቅ ደግሞ ወደ ሰሜን፣ ወደ ከፍተኞቹ ተራሮች ዞረ። ባርዶኔኪያ ከተባለችው የጣልያን ከተማ የሚነሣው መንገድ 1,762 ሜትር ከፍታ ባለው ሌሼል መተላለፊያ በኩል ፈረንሳይ ይገባል። ስሙ በፈረንሳይኛ መሰላል ማለት ነው። በበጋ የእግር ተጓዦች መዝናኛ ነው፤ በብርድ ወራት ግን ለመኪና ዝግ ሲሆን የበረዶ ናዳም ያሰጋዋል። በ2016 መጋቢት ገደማ በዚህ በኩል የመጣ አንድ ወጣት ምዕራብ አፍሪቃዊ ውርጭ የመታቸውን ሁለት እግሮቹን አጣ። ለከተማይቱ ሰዎች የመጀመሪያው ማንቂያ ይህ ነበር።

ስደተኞቹ ድንበሩን በሕጋዊው መንገድ የማያቋርጡበት ምክንያት ለብዙ አንባቢ የተሰወረ አይደለም። በደብሊን ደንብ መሠረት የተገን ጥያቄን የመመርመር ኃላፊነት የሚወድቀው በአብዛኛው ሰውየው መጀመሪያ በገባበት፣ አሻራውንም በሰጠበት አገር ላይ ነው። ጣልያን አሻራ የሰጠ ሰው ፈረንሳይ ውስጥ ወንድም ቢኖረው፣ ፈረንሳይኛ ቢናገር፣ ሥራ ቢጠብቀው እንኳ በመተላለፊያው በኩል በግልጽ ቢቀርብ የሚያገኘው መልስ የመግባት ክልከላ ወረቀት ነው። ወረቀቱን ይዞ ወደ ጣልያን ይመለሳል፤ በማግስቱ ምሽት ደግሞ በሌላ አቅጣጫ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ ይሞክራል። ሦስትና አራት ጊዜ የሞከረው ጥቂት አይደለም፤ በመጨረሻውም ብዙው ያልፋል። የጥበቃው ትልቁ ድክመት እዚህ ላይ ነው። አጠቃላይ ጉዞውን አላስቀረውም፤ የሚያልፍበትን ሰዓትና ከፍታ ግን ለውጦታል። ቀን የነበረው ሌሊት፣ ጥርጊያ መንገድ የነበረው ገደል ሆኗል።

ድንበሩ ከከተማይቱ ያነሰ ዕድሜ አለው

ስለዚህ ድንበር የሚነገረው ሁሉ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ያስመስለዋል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። በ1343 የብሪያንሶን ሸለቆዎች ነዋሪዎች ከአካባቢው ገዥ ከዳግማዊ ኡምቤር ጋር ተዋውለው፣ በገንዘብ ከፍለው፣ ራሳቸውን በራሳቸው የማስተዳደር መብት አገኙ። ኤስካርቶን የሚባለው ይህ ኅብረት አምስት ወረዳዎች ነበሩት፤ ከአምስቱ ሦስቱ ዛሬ ጣልያን ውስጥ ናቸው። ስደተኞቹ አውቶቡስ የሚሳፈሩባት ኡልክስ ራሷ ከነዚያ ወረዳዎች የአንዱ ዋና ከተማ ነበረች። ተራራው ያገናኝ ነበር እንጂ አይለይም ነበር። የውሃው መክፈያ ድንበር የሆነው በ1713፣ የዩትሬክት ውል ምሥራቃዊዎቹን ሸለቆዎች ለሳቮይ መስፍን በሰጠ ጊዜ ነው።

ከዚያ በፊትም ቢሆን ጦርነት አልጠፋም። ብሪያንሶን በ1692 በእሳት ከወደመች በኋላ የንጉሥ ሉዊ አሥራ አራተኛ የምሽግ መሐንዲስ ቮባን መጥቶ የከተማይቱን አጥር እንዲነድፍ ታዘዘ። በርሱ ንድፍ የታጠረው የላይኛው ከተማና ዙሪያውን የከበቡት ምሽጎች ከ2008 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ጎብኚው ዛሬ አይስክሬም እየላሰ የሚያልፍባቸው በሮች ከተራራው ማዶ የሚመጣን ጦር ለመከላከል የተሠሩ ነበሩ።

ሌላው ታሪክ ግን ከምሽጉ ይልቅ ለዛሬው ነገር ይቀርባል። የብሪያንሶን አካባቢ መሬት ድሃ፣ የብርድ ወራቱም ረጅም ስለነበር ወንዶቹ በመከር ማግሥት አገራቸውን ለቀው ሥራ ፍለጋ ይወጡ ነበር። ልዩ የሚያደርጋቸው ይዘውት የሚወጡት ሙያ ነው። የማንበብና የመጻፍ ትምህርት በነዚህ ሸለቆዎች ከሌላው የፈረንሳይ ገጠር ቀድሞ የተስፋፋ በመሆኑ ብዙዎቹ መምህራን ነበሩ። በየገበያው ቆመው ይቀጠሩ ነበር፤ ባርኔጣቸው ላይ የሰኩት የላባ ብዕር ቁጥር የሚያስተምሩትን ይናገራል። አንድ ላባ ንባብ፣ ሁለት ላባ ንባብና ሒሳብ፣ ሦስት ላባ ላቲንንም ይጨምራል። ይህ ሕዝብ ለዘመናት በሰው አገር እንግዳ እየሆነ የኖረ፣ የሰው ማደሪያ የለመደ ሕዝብ ነው።

ሁለት አንቀጾች፣ አንድ ምሽት

የተራራው ሰው ሥርዓት አጭር ነው፦ ተራራ ላይ ሰው አይጣልም። በኢትዮጵያ ደጋ የመሸበት እንግዳ ዘሩና ጉዳዩ ሳይጠየቅ ማደሪያ እንደሚሰጠው ሁሉ፣ እዚህም በበረዶ የተያዘ ሰው መጀመሪያ ይወርዳል፤ ማንነቱ በኋላ ይጠየቃል። ዘመናዊው ሕግም ይህን ይደግፋል። በፈረንሳይ የወንጀል ሕግ አደጋ ላይ ያለን ሰው እየቻለ ሳይረዳ ያለፈ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 75 ሺህ ዩሮ መቀጫ ሊወሰንበት ይችላል። በሌላ በኩል የውጭ ዜጎችን የሚመለከተው ሕግ አንድ ሰው ያለ ፈቃድ አገር እንዲገባ የረዳን እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 30 ሺህ ዩሮ ያስቀጣል። ሌሊት በሞንዥነቭር ደን ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ሰው ያገኘ ነዋሪ በነዚህ ሁለት አንቀጾች መካከል ይቆማል። ቢረዳው በአንዱ፣ ቢተወው በሌላው ሊጠየቅ ነው።

ይህ ለክርክር የተፈጠረ ምሳሌ አይደለም። በማርች 2018 አንድ የአካባቢው ተራራ አዳኝ የስምንት ወር ተኩል ነፍሰ ጡር የሆነች ናይጄርያዊት ከባለቤቷና ከሁለት ሕፃናት ልጆቿ ጋር በበረዶ ውስጥ አግኝቶ በመኪናው ወደ ብሪያንሶን ሆስፒታል ሲወስዳት የድንበር ጠባቂዎች መንገድ ላይ አስቆሙት። ምጥ የያዛት ሴት በኋላ ሆስፒታል ደርሳ በሰላም ተገላገለች፤ እርሱ ግን ለምርመራ ተጠራ። በዚያው ወር ማብቂያ የፈረንሳይ ጉምሩክ ሠራተኞች ባርዶኔኪያ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ለስደተኞች እርዳታ የሚሰጥበት ክፍል ገብተው አንድ መንገደኛ ሽንት እንዲሰጥ በማድረጋቸው ሮም የፈረንሳይን አምባሳደር ጠርታ አነጋግራለች። የተራራ መንደር ጉዳይ በሳምንታት ውስጥ የሁለት መንግሥታት ጉዳይ ሆነ።

ከዚያ ወር በኋላ የመጡት ሳምንታት የባሱ ነበሩ። በኤፕሪል 21 ቀን 2018 ራሱን «የማንነት ትውልድ» የሚለው የቀኝ አክራሪ ቡድን መቶ ያህል አባላት ሄሊኮፕተር ተከራይተው፣ ተመሳሳይ ሰማያዊ ጃኬት ለብሰው ሌሼል መተላለፊያ ላይ የፕላስቲክ አጥር ዘረጉ። በማግስቱ የስደተኞች ደጋፊዎች ከክላቪዬሬ ተነሥተው፣ ስደተኞችም በመካከላቸው ሆነው፣ የፖሊስን መስመር አልፈው ብሪያንሶን ገቡ። ከሰልፈኞቹ ሰባቱ ሕገ ወጥ የድንበር መሻገርን በመርዳት ተከሰሱ። በዲሴምበር 2018 የጋፕ ከተማ ፍርድ ቤት ሁለቱን በ12 ወር እስራት ሲቀጣ ከዚህ ውስጥ አራቱ ወር ያልተገደበ ነበር፤ የቀሩት አምስቱ የስድስት ወር የገደብ እስራት ተፈረደባቸው። የግሬኖብል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሰባቱንም ነጻ ያወጣቸው በሴፕቴምበር 2021 ነው። «የማንነት ትውልድ» በበኩሉ በፍርድ ቤት አንዴ ተቀጥቶ፣ በይግባኝ ነጻ ወጥቶ፣ በመጨረሻ በማርች 2021 በመንግሥት ውሳኔ ፈረሰ።

የወንድማማችነት ሕጋዊ ወሰን

በነዚህ ዓመታት ለብሪያንሶን ነዋሪዎች ትልቁን ለውጥ ያመጣው ክስ የተነሣው ከሌላ ሸለቆ ነው። የሮያ ሸለቆ ገበሬ ሴድሪክ ኤሩ በአብዛኛው ኤርትራውያንና ሱዳናውያን የሆኑ ስደተኞችን በማጓጓዝና በወይራ እርሻው በማሳደር ተከሶ በ2017 በይግባኝ አራት ወር የገደብ እስራት ተፈርዶበት ነበር። ጠበቆቹ ጉዳዩን ወደ ሕገ መንግሥት ምክር ቤት ወሰዱት። ምክር ቤቱ በጁላይ 6 ቀን 2018 በሰጠው ውሳኔ፣ በየማዘጋጃ ቤቱ ግንባር ላይ «ነጻነት፣ እኩልነት፣ ወንድማማችነት» ተብሎ ከተጻፈው መፈክር ሦስተኛው ቃልም ሕጋዊ ጉልበት ያለው መርሕ መሆኑን ለመጀመሪያ ጊዜ አረጋገጠ። ስለዚህም ሰው ያለ ጥቅም፣ ለሰብአዊነት ብሎ፣ በአገሪቱ ውስጥ ያለን ሌላ ሰው ቢረዳ፣ ሰውየው የመኖሪያ ፈቃድ ይኑረው አይኑረው፣ ሊከሰስ እንደማይገባ ወሰነ። ኤሩን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2020 ነጻ አወጣው፤ ሰበር ሰሚው ችሎትም በ2021 ዐቃቤ ሕግ ያቀረበውን አቤቱታ ውድቅ አድርጎ ጉዳዩን ዘጋው።

ውሳኔው ታሪካዊ ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም፤ ለብሪያንሶን የሚሻለው ክፍል የጎደለው ክፍል ነው። ምክር ቤቱ በአገር ውስጥ መቆየትንና መጓጓዝን መርዳት ከቅጣት ነጻ ሲያደርግ፣ ወደ አገር መግባትን መርዳት ግን ወንጀልነቱን አጸና። ወንድማማችነት የሚጀምረው ከወሰኑ ድንጋይ ወዲህ ሆነ ማለት ነው። ቆላ ላይ ለሚኖር ሰው ይህ ልዩነት ግልጽ ነው። በበረዶ ተሸፍኖ ጨለማ ውስጥ የወሰኑ ምልክት ለማይታየው ተራራ ግን መቶ ሜትር ወዲህና ወዲያ አዳኙን ከበጎ አድራጊነት ወደ ተከሳሽነት ያዛውረዋል። ሌሊት የሚወጡት በጎ ፈቃደኞች ዛሬ የሚጨነቁት ለዚህ ነው፤ ካርታና የስልክ አቅጣጫ መጠቆሚያ ይዘው፣ ፈረንሳይ ምድር ላይ መቆማቸውን እያረጋገጡ ይጠብቃሉ። የሚጠብቁት ሰው ግን በረዶ ውስጥ የወደቀው ከወሰኑ ማዶ ሊሆን ይችላል።

ስንቶች እንደወደቁም ዘወትር ይቆጠራል። በሜይ 2018 የአንዲት ወጣት ናይጄርያዊት አስከሬን በዱራንስ ወንዝ ተገኘ። የአካባቢው ማኅበራት ወንዙ የገባችው ከዣንዳርሞች ስትሸሽ ነው ይላሉ፤ ምርመራውን የያዙት የፍትሕ አካላት ማንንም ሳይከሱ መዝገቡን ዘግተዋል፤ ቤተሰቧ ጉዳዩን ወደ ስትራስቡርግ፣ ወደ አውሮጳ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት አቅርቧል። ከእርሷ ወዲህ በዚህ የድንበር ክፍል ሁለቱም ወገን ሕይወታቸው ያለፈ ሰዎች ማኅበራቱ በያዙት ቁጥር ከአሥር በላይ ናቸው። ከሜዲትራንያን ጋር ሲነጻጸር ቁጥሩ ትንሽ ነው። ትንሽ የሆነበት ምክንያት ግን ተራራው ርኅሩኅ ስለሆነ አይደለም፤ በየሌሊቱ የሚወጣ ሰው ስላለ ነው።

የአልጋ ጥያቄ

ከተራራው የወረደው ሰው የት ይደር? ከተማይቱን የከፈላት ይህ ጥያቄ ነው። በጁላይ 2017 ብሪያንሶንና አካባቢዋ፣ በከንቲባ ዤራር ፍሮም አመራር፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ የነበረ ባዶ ሕንፃ ለበጎ ፈቃደኞች በውሰት ሰጡ። ሕንፃው ቀድሞ የፖሊስ የተራራ አደጋ አዳኞች ማዕከል ነበር፤ በአዲሱ ሥራውም ሰው ከተራራ ተርፎ የሚገባበት ቤት ሆኖ ቀጠለ። ጡረተኞች፣ የትምህርት ቤት መምህራን፣ የሸርተቴ አሠልጣኞች ተራ ገብተው አበሰሉ፣ አነጠፉ፣ ቁስል አሠሩ። አብዛኛው እንግዳ ከጥቂት ቀናት በላይ አይቆይም፤ እግሩ ሲሻለው የሌሊቱን ባቡር ተሳፍሮ ወደ ፓሪስ ወይም ወደ ዘመድ ይሄዳል። እስከ 2020 መጨረሻ በዚያ ቤት ያለፈው ሰው ቁጥር ከ10 ሺህ በልጦ፣ ከከተማይቱ ነዋሪ ቁጥር ጋር ተቀራረበ።

በ2020 ምርጫ በፍሮም ፋንታ የሪፐብሊካኖቹ ፓርቲ ፖለቲከኛ አርኖ ሙርዢያ ከንቲባ ሆኑ። በወራት ውስጥም የሕንፃው ውል እንደማይታደስ አሳወቁ። ውሳኔው በፓሪስ ጋዜጦች የጭካኔ ምሳሌ ሆኖ ቀረበ። ነገሩ ግን እንዲያ ቀላል አይደለም። የአዲሱ ከንቲባ መከራከሪያ ለስደተኞች መጠለያ የማዘጋጀት ኃላፊነት የመንግሥት እንጂ የአንዲት ትንሽ ከተማ አይደለም የሚል ነበር። ለመራጮቻቸውም ይህ ባዶ ቃል አልነበረም። ብሪያንሶን ጦሩ በ2009 ሲለቃት ከዚያ ጋር የነበረውን ገቢ ያጣች፣ ቀድሞ ለሳንባ ሕሙማን ማገገሚያነት ትታወቅበት የነበረው ሥራ የተቀዛቀዘባት፣ ለወቅት ሠራተኛ እንኳ ተከራይ ቤት የሚቸግርባት ከተማ ናት። በመጠለያው አቅራቢያ የሚኖር ሰው ስለ ጫጫታና ስለ መጨናነቅ ቢያማርር ክፉ ሰው አያሰኘውም። ከንቲባው የተመረጡትም በዚሁ ነዋሪ ድምፅ ነው።

የሚገርመው በዚህ ነጥብ ላይ ከንቲባውና በጎ ፈቃደኞቹ በመሠረቱ መስማማታቸው ነው። ሁለቱም ኃላፊነቱ የመንግሥት ነው ይላሉ። ልዩነታቸው መንግሥት እስኪመጣ ድረስ በሩ ክፍት ይሁን ወይስ ዝግ የሚለው ላይ ነው። መንግሥት ደግሞ አልመጣም፤ በትክክል ለመናገር የመጣው በሌላ መልክ ነው። ለድንበሩ ጥበቃ ከሌላ ክፍለ አገር እየተቀያየሩ የሚመጡ የዣንዳርም ጓዶች አልተቋረጡም፤ ሆቴል ይከፈልላቸዋል፣ መኪናና የሌሊት መነጽር ይቀርብላቸዋል። ለአልጋው፣ ለሾርባውና ለመድኃኒቱ ግን ቋሚ በጀት አልተመደበም።

ስለዚህ ማኅበራቱ ከግል ለጋሾች ገንዘብ አሰባስበው ቀድሞ የሳንባ ሕሙማን ማገገሚያ የነበረ ሰፊ ሕንፃ ገዙና በኦገስት 2021 «ቴራስ ሶሊዴር» ብለው ከፈቱት። ሁለት ወር አልሞላውም። በዚያ መጸው፣ በባልካን መንገድ የመጡ አፍጋኒስታናውያንና ኢራናውያን ቤተሰቦች ተጨምረው፣ ሰማንያ ያህል ሰው እንዲያሳድር የታሰበው ቤት ከ200 በላይ ሰው ገባበት። በጎ ፈቃደኞቹ የገዛ ቤታቸውን ዘግተው እንግዶቹን ወደ ባቡር ጣቢያው ይዘው ወረዱ፤ መንግሥት ዓይኑን እንዲገልጥ ነበር። ጣቢያው በፖሊስ ሲዘጋ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በሯን ከፈተችላቸው። የአካባቢው የመንግሥት አስተዳደር ምላሽ ተጨማሪ የጸጥታ ኃይል ነበር። በ2023 የላምፔዱዛ ጀልባዎች ቁጥር ሲያሻቅብ ይኸው መጨናነቅ ተደገመ፤ ቤቱም ለጊዜው ዳግም ተዘጋ።

ከፍርድ ቤት የመጣ ለውጥ

ድንበሩን ያናወጠው ኋላ የመጣው ለውጥ ከሉክሰምበርግ ተነሣ። የአውሮጳ ኅብረት ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር 2023፣ የፈረንሳይ ጠበቆች ማኅበራት በመሩት ክስ፣ አንድ አባል አገር የውስጥ ድንበሩን ቢፈትሽ እንኳ የተያዘውን ሰው ያለ ሥርዓት ወዲያውኑ መመለስ እንደማይችል ወሰነ። የመመለሻ መመሪያው የሚሰጣቸው መብቶች፣ በራስ ፈቃድ ለመውጣት የሚሰጠውን ጊዜ ጨምሮ፣ ሊጠበቁለት ይገባል። በፈረንሳይ የአስተዳደር ጉዳዮች የመጨረሻ ፍርድ ቤት የሆነው የመንግሥት ምክር ቤትም በፌብሩዋሪ 2024 ይህን ተከትሎ የአገሪቱን ሕግ አንቀጽ በከፊል ሻረ። ከዚያ በኋላ ፓሪስ በ1997 ከሮም ጋር በሻምቤሪ ወደተፈራረመችው የመመላለሻ ስምምነት አዘነበለች። በዚህ ስምምነት ሰውን መመለስ የሚቻለው ጣልያን ስትቀበለው ነው፤ የአሥር ደቂቃ ሥራ የነበረው የሰዓታት ሥራ ሆነ። ተገን ለመጠየቅ የሚፈልግ ሰው ጥያቄው በድንበር ላይ መመዝገብ እንዳለበት ሕጉ ቀድሞም ይል ነበር፤ አሁን ግን ጥያቄውን ሳይመዘግብ የሚመልስ ፖሊስ ፍርድ ቤት ሊጠብቀው እንደሚችል ያውቃል።

ይህ ለብሪያንሶን እፎይታ ይመስላል፤ በከፊልም ነው። ነገር ግን የሕግ ድል አልጋ አይሆንም። በድንበሩ የማይመለሰው ሰው ቁልቁል ይወርዳል፤ ቁልቁል ያለችው ከተማ ደግሞ ብሪያንሶን ናት። ከ2026 አጋማሽ ጀምሮ ሥራ ላይ እንዲውል የተወሰነው አዲሱ የአውሮጳ ኅብረት የስደተኞች ውል የሚያተኩረው በኅብረቱ የውጭ ድንበሮች ላይ በሚደረግ ፈጣን ምርመራና ኃላፊነትን በአገሮች መካከል በማከፋፈል ላይ ነው። በሁለት አባል አገሮች መካከል፣ ተራራ ላይ፣ በሌሊት የሚሆነውን ግን በቀጥታ አይነካውም። መጀመሪያ የገባህበት አገር ይጠይቅህ የሚለውም መሠረታዊ ሐሳብ አልተነሣም፤ ሐሳቡ እስካለ ድረስ ከኡልክስ የሚነሣው የምሽት አውቶቡስ ተሳፋሪ አያጣም።

በዚህ መካከል ከተማይቱ ለሌላ እንግዳ እየተሰናዳች ነው። በጁላይ 2024 የዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ የ2030ን የክረምት ኦሎምፒክ ለፈረንሳይ አልፕስ ሰጥቷል። ዕጩዎቹ ባቀረቡት ዕቅድ ውስጥ የብሪያንሶን አካባቢ የውድድር ሥፍራ ሆኖ ተካትቷል። ለነዋሪው ይህ መንገድ፣ ባቡርና መኖሪያ ቤት ማለት ነው፤ ባቡሩ ከዓመታት ጀምሮ ሲጠየቅ የነበረ ነገር በመሆኑ ተስፋው ቀላል አይደለም። የስደተኞቹ ማኅበራት ደግሞ የሚጠይቁት የጥበቃውን ነገር ነው። ኦሎምፒክ የሚያስተናግድ አገር ጸጥታውን እንደሚያጠብቅ ፓሪስ በ2024 አሳይታለች፤ በሞንዥነቭር ጥበቃ በተጠናከረ ቁጥር መንገደኛው ወደ የት እንደሚዞር ደግሞ ያለፉት ዓመታት አሳይተዋል። ከሞንዥነቭር በላይ ያሉት መተላለፊያዎች ከ2,000 ሜትር ያልፋሉ፤ በፌብሩዋሪ፣ ውድድሩ በሚካሄድበት ወር፣ የአካባቢው አስጎብኚዎች እንኳ ደፍረው የማይወጡባቸው ናቸው።